ዞሮ ዞሮ ከቤት፦ ከሃያብለ የሚነሣ የብስክሌት ዙርና የመንገዱ ታሪክ

ብስክሌት የሚወድ ሰው መንገድን በሁለት ይከፍላል፤ አንደኛው ሄደው በሄዱበት የሚመለሱበት ነው፤ ሁለተኛው ዞረው የሚገቡበት። ኮረብታማ አገር ለማየት ለተነሣ ጋላቢ ደግሞ ሁለተኛውን የሚተካከል የለም፤ ያዩትን ዳገት ደግመው አያዩትም፣ እያንዳንዱ ኪሎ ሜትር አዲስ ነው። ይሁንና ከሃያብለ የሚነሣ እንዲህ ያለ ዙር ለማውጣት ካርታ የዘረጋ ሰው ብዙም ሳይቆይ ግር ይለዋል። ወደ ኮረብታው የሚወስደው ዋና መንገድ አንድ ነው፤ እርሱም ወደ ወዓ፣ ከዚያም አልፎ ወደ ዲኪልና ወደ ጋላፊ እየነጎደ ወደ ኋላ ዞሮ አይመለከትም። ነገሩ ለምን እንዲህ ሆነ ቢሉ፣ መልሱ ያለው ከካርታው ይልቅ በታሪኩ ውስጥ ነው።

ጅቡቲ ከተማ መቆርቆር የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1888 ነው። የተቆረቆረችውም ለወደብ ነውና ከእርሷ የሚወጣው ሁሉ አንድ አቅጣጫ ያዘ። የባቡሩ ሥራ በ1897 ተጀመረ፤ ሐዲዱ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። የአስፋልቱም ነገር ከዚህ የተለየ አልነበረም። በ1998 በተነሣው ጦርነት ምክንያት የአሰብ መንገድ ሲዘጋ የኢትዮጵያ ዕቃ በጅቡቲ በኩል መጓዝ ግድ ሆነበት፤ ዛሬም በፒኬ 12 የሚያልፈው የከባድ መኪና ሰልፍ ያንን የሚመሰክር ነው። እኛ የምንኖርበት የባልባላ ወገን ራሱ የዚህ መንገድ ልጅ ነው። በ1966 ፈረንሳዮች ከተማዋን በሽቦ አጥር ካጠሯት በኋላ ወደ ውስጥ መግባት የተከለከለው ሰው ከአጥሩ ውጭ ሰፈረ፤ ባልባላም ከዚያ እየሰፋች ሄደች። ወደቡና ገበያው ወደ ውስጥ፣ ባቡሩና መኪናው ወደ ውጭ፤ ማንም ዞሮ ለመምጣት አስቦ መንገድ አልቀየሰም።

ዳሩ ግን ጅቡቲ ከመቆርቆሯ በፊት ሌላ መንገድ ነበረ። ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ያለችው ታጁራ ለብዙ ዘመን የሸዋ በር ነበረች። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ በ1841፣ በሻምበል ሃሪስ የሚመራው የእንግሊዝ መልእክት ከታጁራ ተነሥቶ በአሳል ሐይቅ አጠገብ አልፎ ወደ አንኮበር የወጣው በዚሁ በቅፍለት ጎዳና ነው። የአሳል ዳርቻ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ያህል ዝቅ ያለ፣ በአፍሪካ ከሁሉ የሚያንስ ምድር መሆኑን ስናስብ፣ ከዚያ ተነሥቶ እስከ ሸዋ አምባ መውጣት ለግመሉም ለሰውም ምን ያህል እንደ ነበረ መገመት አያዳግትም።

በዚህ መንገድ ካለፉት ሁሉ የእኔን ቀልብ የሚስበው የፈረንሳዩ ባለቅኔ አርቱር ራምቦ ነው። ቅኔውን ትቶ ነጋዴ ሆኖ፣ ለንጉሥ ምኒልክ የሚሸጥ ጠመንጃ ይዞ ታጁራ ላይ አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ተቀመጠ። የንግድ ሸሪኮቹ ሁለቱም ሞቱበት። በኦክቶበር 1886 ቅፍለቱን አስነሥቶ በፌብሩዋሪ 1887 አንኮበር ቢደርስ ንጉሡን አጣቸው፤ ምኒልክ በጃንዩዋሪ ጨለንቆ ላይ ድል አድርገው ሐረርን ይዘው ነበርና። በኋላ እንጦጦ ላይ አገኛቸው፤ ሒሳቡም እንዳሰበው ሳይሆንለት ቀረ። ልብ ሊባል የሚገባው ግን አመላለሱ ነው። ራምቦ በመጣበት በረሃ አልተመለሰም፤ አሳሽ ከነበረው ከዡል ቦረሊ ጋር እስከ ሐረር ሄዶ ከዚያ ወደ ባሕሩ ወረደ። ሳያስበው ዙሩን ዘጋው ማለት ነው። ሐረር በምኒልክ እጅ ከገባች ወዲህ ንግዱ ወደዚያ አዘነበለ፤ ባቡሩም ያንኑ ተከተለ፤ የታጁራ ጎዳና ቀዘቀዘ። እኛ በዚህ የምንኖር ኢትዮጵያውያን የሐረርንና የድሬዳዋን መስመር እንደ መዳፋችን ስናውቅ የታጁራውን መርሳታችን ከዚያ የመጣ ይመስለኛል።

እንግዲህ የምፈልገውን የብስክሌት ዙር ያገኘሁት ይህን የተረሳ ግማሽ ወደ ካርታው ስመልሰው ነው። ከሃያብለ ወጥቶ በፒኬ 12 በኩል ወደ ወዓ፤ ከዚያ እስከ ፒኬ 51፤ እዚያ ከጋላፊው መንገድ ተገንጥሎ ወደ ሰሜን መታጠፍ፤ የጉቤትን ባሕር ዞሮ ታጁራ መግባት፤ ከታጁራ በመርከብ ባሕረ ሰላጤውን አቋርጦ ጅቡቲ ወደብ መውረድ። ከጅቡቲ ከተማ ታጁራ በየብስ 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለጠንካራ ጋላቢ የአንድ ቀን፣ ለእንደኔ ዓይነቱ የሁለት ቀን ጉዞ ነው።

ከሁሉ አስቸጋሪው የመጀመሪያው 50 ኪሎ ሜትር ነው፤ ያስቸገረውም ከዳገቱ ይልቅ መኪናው ነው። አንድ ማለዳ አንድ ተሳቢ ከጎኔ ሲያልፍ ንፋሱ ብቻ ከአስፋልቱ ጠርዝ አውጥቶ ጠጠር ላይ ጥሎኛል። አሽከርካሪው የአገሬ ልጅ ነበር፤ እንዳላየኝ አምናለሁ። ስለዚህ ገና ጎሕ ሳይቀድ ጨለማን ተገን አድርጎ መነሣትን አልመክርም፤ ሰው የሚታይበት ብርሃን ሲሆን፣ ደማቅ ልብስ ለብሶ፣ በረድፍ እንጂ ጎን ለጎን ሳይሆኑ መሄድ ይገባል። ዙሩን ለመሞከር ድፍረት ያነሰው አርታን ያያል፤ ቀዝቃዛው ኮረብታዋ ከከተማው 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ነገር ግን ያ ሄዶ መመለስ ነው።

ከፒኬ 51 በኋላ ዓለሙ ይለወጣል። መኪናው ይቀንሳል፤ መንገዱ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ይጠማዘዛል። ጉቤት ከታች ድንገት ሲገለጥ ፍሬኑን ይዞ መቆም ግድ ነው፤ ውበቱ ብቻ ሳይሆን ቁልቁለቱም ያስገድዳል። በጉቤትና በአሳል መካከል ያለው ጥቁር ድንጋይ ገሚሱ ከብዙዎቻችን ዕድሜ የሚያንስ ነው፤ አርዱኮባ የተባለው እሳተ ገሞራ የፈነዳው በኖቬምበር 1978 ነበርና። ወደ አሳል የሚወርደውን መገንጠያ ለሌላ ቀን መተው ይሻላል፤ የወረዱትን ሁሉ መልሶ መውጣት አለ። ውሃ ከቤት ይዞ መነሣት ግዴታ ነው፤ የውስጥ ጎማ ትርፍና መለጠፊያም እንዲሁ። ወሩ ከኖቬምበር እስከ ፌብሩዋሪ ባለው ይመረጥ፤ በበጋ ከ40 ዲግሪ የሚያልፈው ሙቀትና ኸምሲን የሚባለው ደረቅ ነፋስ ለጋላቢ አይሆኑም። በቀዝቃዛው ወራት ነፋሱ በብዛት ከምሥራቅ ስለሚመጣ እስከ ፒኬ 51 ከኋላ ይገፋል፤ ወደ ታጁራ ሲዞሩ ግን ፊት ለፊት ይጠብቃል። ጉልበት ለዚያ መቆጠብ ያስፈልጋል።

ታጁራ ሳይደረስ ሳጋሎ አለች። በ1889 አሺኖቭ የተባለ የሩሲያ ኮሳክ ተከታዮቹን ይዞ እዚያ ሰፍሮ፣ ወደ ሐበሻ አገር መግቢያውን የያዘ መስሎት ነበር፤ የፈረንሳይ መርከቦች በመድፍ ደብድበው አስወጡት። የታጁራን በር የተመኘው ብዙ ነበረ ለማለት ነው። በ2017 ታጁራ ላይ ዘመናዊ ወደብ ሲከፈትም የታሰበው የኢትዮጵያን ሰሜናዊ ክፍል ለማገልገል ነበር።

መርከቡ በየቀኑ በፈለጉት ሰዓት የሚገኝ አይደለምና የሚነሣበትን ቀንና ሰዓት ከሃያብለ ሳይወጡ አስቀድሞ ማጣራት ያስፈልጋል። ዙሩ የሚዘጋው በእርሱ ነው። ያመለጠው ሰው ወይ ታጁራ ያድራል፣ ወይ ያንን ሁሉ ዳገት ከነነፋሱ በመጣበት ይመለሳል።