ሲያፏጩለት የሚመጣው አምባዛ

አምባዛን ለአማርኛ አንባቢ ማስተዋወቅ አያስፈልግም። በጣና ዳር ያደገ፣ ከዝዋይ ወይም ከሐዋሳ ዓሣ የገዛ ሁሉ ቅርፊት አልባውን፣ ሙልጭልጩን፣ ባለ ጢሙን ፍጥረት ያውቀዋል። ቅርፊት የለውምና አልበላውም የሚል ምእመንም ጥቂት አይደለም። ዛሬ የማነሣው ግን የእርሱን ሩቅ ዘመድ፣ በሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል ኩሬዎች ውስጥ የሚኖረውን ቡናማ ዓሣ ነው። የአገሩ ሰዎች ራሱ ሰፊ ስለሆነ «ቡልሄድ»፣ የበሬ ራስ፣ ይሉታል። ቁመቱ ከአንድ ስንዝር እስከ ስንዝር ተኩል ቢሆን ነው፤ እንደ እኛው አምባዛ ስምንት ጢሞች አሉት፤ ቀን ተደብቆ ሌሊት ይወጣል። ሄንሪ ዴቪድ ቶሮ በ1854 ባሳተመው «ዋልደን» ውስጥ ይህን ዓሣ በእኩለ ሌሊት ከጀልባ ላይ ሲያጠምድ እናገኘዋለን። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሬ ስለ ዓሣውና ስለ ክረምት ነው። ክረምት ስል የሐምሌንና የነሐሴን ዝናብ ማለቴ አይደለም። በቦስተን ወይም በሚኒሶታ የሚኖር ወገናችን በረዶ እየረገጠ «ክረምት ገባ» ሲል ቃሉ ከአገሩ ይዞት የወጣው ነው፤ ትርጉሙ ግን ሌላ ሆኗል። በዚያ ክረምት የኩሬው ፊት ይደነድናል። ውኃ ከሁሉ የሚከብደው 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ነውና ይኸው ውኃ ወደ ታች ይሰምጣል፤ በረዶውም እንደ ክዳን ከላይ ይንሳፈፋል። ዓሣው በሰመጠው ውኃ ውስጥ፣ በረገፈ ቅጠልና በጭቃ ግማሽ አካሉን ቀብሮ፣ ምግብ ከናካቴው የተወ እስኪመስል ድረስ ፈዝዞ ይከርማል። የእኛው አምባዛ በጋ ሲጠናበትና ኩሬው ሲደርቅ ጭቃ ውስጥ ገብቶ አየር እየተነፈሰ እንደሚቆየው ማለት ነው። ከበረዶው በላይ የሚመላለስ ሰው ግን ከእግሩ በታች ምን እንዳለ የሚያይበት መንገድ አልነበረውም።

መንገዱን የከፈተው መስታወት ነው። በብሪታንያ በመስታወት ላይ ተጥሎ የነበረው ግብር በ1845 ተነሣ፤ መስታወትም ረከሰ። በ1850 ሮበርት ዋሪንግተን የተባለ የለንደን ኬሚስት ሁለት ወርቃማ ዓሦችን፣ አንድ የውኃ ተክልንና ቀንድ አውጣዎችን በአንድ ዕቃ ውስጥ አድርጎ ውኃው ሳይበላሽ ማቆየት እንደሚቻል አስረዳ። በ1853 የለንደን የአራዊት መጠበቂያ የዓሣ ቤቱን ለሕዝብ ከፈተ፤ በማግስቱ ዓመት ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ «አኳሪየም» የሚለውን ስም በመጽሐፉ አስፋፋ። በ1858 ደግሞ ሄንሪ በትለር «የቤተሰብ አኳሪየም» የሚል መጽሐፍ በኒው ዮርክ አሳተመ። እንዲህ ሆኖ ኩሬው ወደ ሳሎን ገባ።

ሳሎን ግን ኩሬ አይደለም፤ የአገሩን አምባዛ በገንዳ የሚያከርም ሰው ይህን የሚማረው በክረምት ነው። ከሞቃት አገር የመጣ ዓሣ ያላቸው የዚያን ዘመን ሰዎች ከገንዳው ሥር መብራት እያነደዱ ውኃውን ያሞቁ ነበር። ቡልሄድ ይህን አይጠይቅም። ብርድ ባለበት ክፍል ቢያስቀምጡት እንደ አባቶቹ ይፈዛል፤ ያን ጊዜ አዛኝ መስሎ ምግብ የሚጨምርለት ሰው ይገድለዋል፤ ያልተበላው ይበሰብሳል፣ ቆሻሻውን የሚያብላሉት ረቂቅ ሕዋሳትም በብርዱ ሰንፈዋልና ውኃው ይመረዛል። ሙቀት ባለበት ክፍል ቢያስቀምጡት ደግሞ ክረምቱን ይረሳዋል። ሌሊቱን ሲያስስ ያድራል፤ ከአፉ የሚያንስ ጎረቤት ካለውም ጠዋት አይገኝም። ከሥሩ ለስላሳ አሸዋ ይሻል፤ ሹል ጠጠር ጢሙን እየፋቀ ይጨርሰዋል። በእጁ ሊያነሣው የሚሞክር ሰው ደግሞ በጀርባውና በጎኖቹ የተደበቁትን እሾሆች ያገኛል፤ እሾሆቹ አንዴ ከቆሙ አይታጠፉም።

ይህ እንቅልፍ የተነሣው ዓሣ ነው ብዙ ነገር ያስተማረን። በ1903 ጁድሰን ሄሪክ የተባለ አሜሪካዊ የዓሣውን የጣዕም አካላት መርምሮ ምላሱ ላይ ብቻ አለመሆናቸውን፣ በጢሙና በመላ ቆዳው ላይ መበተናቸውን ጻፈ። በ1910 የሃርቫርዱ ጆርጅ ፓርከር የምድር ትል ከትፎ በጨርቅ ቋጠረና ከሌላ ባዶ ቋጠሮ ጋር ውኃው ውስጥ አኖረው፤ ዓሣው በማሽተት ብቻ ለይቶ ደረሰበት። መቅመሱና ማሽተቱ በዚህ ታወቀ። የመስማቱ ነገር ግን ክርክር ላይ ነበር።

በላይኛው ኦስትሪያ ክሬምስሙንስተር በተባለ ገዳም ያሉ መነኮሳት ዓሦቻቸው ደወል ሲደወል ለምግብ እንደሚሰበሰቡ ይናገሩ ነበር። አሎይስ ክሬይድል የተባለ የቪየና ምሁር በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ሄዶ ፈተናቸው። ዓሦቹ የሚመጡት ደወሉን ሰምተው ሳይሆን ሰውየውን አይተው ወይም የእግሩን ንዝረት ተሰምቷቸው ነው ብሎ ፈረደ። የሮስቶኩ የጆሮ ሐኪም ኦቶ ኮርነርም ዓሦች ለድምፅ ምንም እንደማይመልሱ አይቶ ደንቆሮ ናቸው ከሚሉት ወገን ሆነ።

ከ1921 እስከ 1923 በዚያው በሮስቶክ ያስተማረው ካርል ፎን ፍሪሽ ግን ጥያቄውን ገለበጠው። ለዓሣው ምንም የማይፈይድ ድምፅ ቢሰማስ ለምን ይመልሳል? ለሙከራው የመረጠው የእኛኑ ቡልሄድ ነው። ዓሣው ለምግብ ይሆናል ተብሎ በ1885 ወደ ጀርመን ገብቶ ነበር፤ በዚያም እንደተመኙት አልተለቀምና «ድንክ አምባዛ» የሚል ስም ወጣለት። ፍሪሽ ዓሣውን ክሳቨርል ብሎ ጠራው፤ መደበቂያ ቱቦም ሰጠው። ምግቡን በበትር ጫፍ ወደ ቱቦው አፍ ባቀረበ ቁጥር ያፏጭለት ነበር። ከጥቂት ቀናት በኋላ ክሳቨርል ምግቡ ሳይቀርብ፣ ፉጨቱን ብቻ ሰምቶ ከቱቦው ወጣ። በ1923 የታተመው ጽሑፍ ርእስም ይኸው ነበር፤ ሲያፏጩለት የሚመጣ ድንክ አምባዛ።

ለዚህ የተከፈለው ዋጋ እንዳይረሳ እፈልጋለሁ። ዓሣው ሰውየውን አይቶ ነው የመጣ የሚል እንደ ክሬይድል ያለ ተከራካሪ እንዳይነሣ ፍሪሽ አስቀድሞ የክሳቨርልን ዓይኖች አጥፍቶ ነበር። ሙከራው ያለዚያ አሳማኝ አይሆንም ነበር ይሉኛል፤ እውነት ነው። ቢሆንም ስለ ዓሣው መስማት ባነበብኩ ቁጥር ወደ ዓይኑ እመለሳለሁ። ሌላም ነገር አለ፤ ትምህርቱ ሁሉ የቆመው በረሀብ ላይ ነው። በበረዶ ሥር ፈዝዞ የሚከርም ዓሣ ምግብ አይሻምና በምግብ ሊሠለጥን አይችልም፤ ክሳቨርልን ለፉጨት ያበቃው ከክረምቱ መነጠሉ ነው።

እንዴት ይሰማል ለሚለው ግማሹ መልስ ከመቶ ዓመት በፊት ተጽፎ ተቀምጦ ነበር። ጀርመናዊው ኤርንስት ሃይንሪሽ ቬበር በ1820 በእነዚህ ዓሦች ውስጥ ከአየር ከረጢታቸው እስከ ውስጠኛው ጆሮ የተቀጣጠሉ ትንንሽ አጥንቶችን ገልጿል። ከረጢቱ በድምፅ ይርገበገባል፤ አጥንቶቹ ንዝረቱን ያደርሳሉ። ብዙዎቹ ዓሦች ይህ የላቸውም፤ ቆሮሶ የለውም። በጣና ጭቃ ውስጥ የሚተኛው አምባዛ ግን አለው። ጀልባዋ ስትቀርብ፣ መቅዘፊያው ውኃውን ሲመታ፣ በላይዋ የተቀመጡት ሰዎች ሲያወሩ ከታች ሆኖ ይሰማል።