ኮንቴይነር (የጭነት)

ሸቀጥ ታሽጎበት ከመርከብ ወደ ባቡር ወይም ወደ ከባድ መኪና ሳይከፈት የሚዘዋወር፣ መጠኑ በዓለም አቀፍ ደረጃ የተወሰነ የብረት ሣጥን። ስለ ሉላዊነት ሲወራ የንግድ ስምምነቶችና ኢንተርኔት ቶሎ ይነሣሉ፤ የዚህ ሣጥን ድርሻ ግን ከሁለቱም አያንስም።

ሐሳቡን ለገበያ ያበቃው አሜሪካዊው የጭነት መኪና ባለሀብት ማልኮም ማክሊን ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 26 ቀን 1956 «አይዲያል ኤክስ» የተባለችው መርከቡ 58 ሣጥኖች ጭና ከኒውዋርክ ወደ ሂዩስተን ተነሣች። በወዛደር ጉልበት አንድ ቶን ዕቃ መርከብ ላይ ለመጫን 5.86 ዶላር ገደማ ይወጣ ነበር፤ በአዲሱ ዘዴ ወጪው ወደ 16 ሳንቲም ወረደ። ከዚያ ወዲህ ባለፋብሪካ ገበያው አጠገብ መትከል ግድ አልሆነበትም፤ ጉልበት በረከሰበት አገር አምርቶ በባሕር መላክ አዋጣው። ዕዳው የወደቀው በወደብ ሠራተኞች ላይ ነው። የለንደን ነባር ወደቦች እስከ እ.ኤ.አ. 1981 ተራ በተራ ተዘግተዋል።

ወደ ኢትዮጵያ የሚመጣው ኮንቴይነር አብዛኛው በጅቡቲ ያልፋል፤ ብዙው የሚራገፈው ሞጆ ደረቅ ወደብ ነው። አገሪቱ ከምትልከው የምታስገባው ስለሚበልጥ በርካታው ባዶውን ይመለሳል። ያረጀው ደግሞ መስኮት ወጥቶለት የሰፈር ሱቅ ይሆናል።