«ካፒታል» እና እንፍራንዝ

«ካፒታል» የምትለዋን የእንግሊዝኛ ቃል መዝገበ ቃላት ገልጠን ብንፈልጋት አንድ ቦታ አትቀመጥልንም። የመንግሥት መቀመጫ ናት፤ የንግድ መነሻ ገንዘብ ናት፤ ዓረፍተ ነገር የምትከፍተው ትልቋ የላቲን ፊደል ናት፤ ከቅጣት ጋር ስትሄድ ደግሞ ሞት ናት። ሥሯ በላቲን «ራስ» ነው። እኛ ገንዘቧን እንዳለች «ካፒታል» ብለን ወሰድን፤ መቀመጫዋን ግን «ዋና ከተማ» አልናት። ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

በእንግሊዝኛ የተጻፉ የታሪክ መጻሕፍት እንፍራንዝን የዐፄ ሠርጸ ድንግል (እ.ኤ.አ. 1563-1597) «ካፒታል» ይሏታል። ይህን ያነበበ ተማሪ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር ሲያልፍ ኮረብታው ላይ ጉዛራን ያያል። አንድ ግንብ! «ይኼ ነው እንዴ ዋና ከተማው?» ብሎ ይስቃል። (ግንቡ የፋሲል ነው የሚሉም አልጠፉም፤ ልማዱ ግን ለሠርጸ ድንግል ይሰጠዋል።)

ጥፋቱ የእንፍራንዝ አይደለም። «ከተማ» በግዕዝ ጫፍ፣ ራስ ማለት ነው፤ ቀጥሎ የንጉሥ ሰፈር ሆነ፤ ዛሬ የምናውቀው ትርጉም የኋለኛው ነው። ንጉሡ ከተመ ከተባለ ድንኳኑን ተከለ ማለት ነው። እርሱ ከመካከል፣ የቀኙ በቀኝ፣ የግራው በግራ ይሰፍራል፤ ቀኛዝማችና ግራዝማች የተባሉት ማዕረጎች የዚያ ሰልፍና አሰፋፈር ቅሪት ናቸው። የአዲስ አበባ ሰውስ ዛሬም መንደሩን «ሰፈር» ይል የለም?

ታዲያ ያን ሁሉ ሠራዊት ማን አበላው? ገበሬው ነዋ! ጎተራው ሲራቆት፣ ማገዶው ሲያልቅ ከተማው ይነሣል። እኛ «ወደቀች» የምንላት እንፍራንዝ፣ ለገበሬዋ ያን ዕለት እፎይ ያለችበት ቀን ሳትሆን አትቀርም። አዲስ አበባ ራሷ በ1900 ዓመተ ምሕረት (እ.ኤ.አ.) ገደማ በማገዶ እጦት ወደ አዲስ ዓለም ልትነሣ ምንም አልቀራትም ነበር፤ ያተረፋት ባሕር ዛፍ ነው።

ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን ከቆረቆረ በኋላ እንኳ እንፍራንዝ አልጠፋችም። እ.ኤ.አ. በ1700 ያለፈባት ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ ሙስሊም ነጋዴዎች የሞሉባት የንግድ ስፍራ ሆና አገኛት፤ ዝባድ ይሸጥባታል፣ ያሳዝናል እንጂ ባሪያም ይሸጥባታል። አንደኛው ካፒታል ድንኳኑን ነቅሎ ሄዷል፤ ሁለተኛው ግን ገበያው ላይ ተቀምጦ ይቆጥር ነበር።