ሻጭና ገዥ የማይተያዩበት ገበያ

ዛሬ በመቐለ ለሕፃን ልጇ ጫማ ወይም የክረምት ሹራብ የምትሻ እናት፣ ገበያ ሳትወርድ በስልኳ ከቴሌግራም ሱቆች አንዱን ከፍታ፣ ሥዕሉን አይታ፣ ዋጋውን ከጠየቀች በኋላ፣ ፊቱን አይታው ለማታውቀው፣ ደጃፉንም ለማታውቅለት ነጋዴ ገንዘቧን አስቀድማ በቴሌብር እንድትልክ ትጠየቃለች፤ ይህም አሠራር ለብዙዎች ከዘመናችን ጋር የተወለደ መስሎ ይታያል። ዳሩ ግን ሻጭና ገዥ ሳይተያዩ መገበያየት ለዚህ ምድር እንግዳ አይደለም፤ እንግዳ የሆነው ያለ ሥርዓት መደረጉ ነው።

በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ካሌብ ዘመን ወደ አዱሊስ የመጣው የእስክንድርያው ነጋዴ ኮስማስ፣ የአክሱም ንጉሥ በአገው ገዥ በኩል ሳሱ ወደምትባለው የወርቅ አገር ስለሚሰዳቸው ነጋድያን ጽፎ አቆይቶልናል። እነዚህ ነጋድያን ከ500 የሚበልጡ ሆነው በሬ፣ ጨውና ብረት ይዘው ይወርዳሉ፤ ከቦታው ሲደርሱም እሾህ ቈርጠው ታላቅ አጥር ያጥሩና፣ በሬዎቹን አርደው ሥጋውን ከጨውና ከብረቱ ጋር በእሾሁ ላይ ያኖሩታል። ባላገሮቹም ቀርበው በወደዱት ዕቃ ላይ ወርቃቸውን አኑረው ፈቀቅ ይላሉ፤ ባለዕቃው ወርቁ ከበቃው ያነሣዋል፣ ካልበቃው ግን ሳይነካ ይተወዋል፤ ያን ጊዜ ባለወርቁ ወይ ይጨምራል፣ ወይ የራሱን አንሥቶ ይሄዳል። አንዱ የሌላውን ልሳን አያውቅም፤ ነገር ግን ወርቁም ዕቃውም የሁለቱ ፈቃድ እስኪፈጸም ድረስ በገሃድ ተቀምጠው ይቆያሉ። የዚያ ንግድ ጥበብ ሁሉ ያረፈው በዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ማንም የሌላውን ልብ መመርመር ሳያስፈልገው፣ እጁ ባዶ ሳይሆን ለመመለስ ይችል ነበርና።

ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ መቐለን መናገሻቸው አድርገው፣ በ1870ዎቹ በጣሊያናዊው ጃኮሞ ናሬቲ እጅ ቤተ መንግሥታቸውን ባሳነጹ ጊዜ፣ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ካለው የአፋር በረሃ ተቈርጦ በግመል የሚወጣው ጨው ታላቅ ገበያውን በዚህችው ከተማ አገኘ። አሞሌው ጨው ምግብም ገንዘብም ስለ ነበረ፣ ተቀባዩ እንዳልተሸረፈና ውሃ እንዳልነካው ሳያረጋግጥ አይቀበለውም ነበር። በማሪያ ቴሬዛ ብርም ላይ ምርመራው የጸና ነበር፤ ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላ እንኳ ያው የሞተችበት ዓመት፣ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር 1780፣ እየተቀረጸበት ሲመታ ስለ ኖረ፣ ነጋዴው ዓመተ ምሕረቱን ሳይሆን የጌጧን ዕንቍ እየቈጠረ እውነተኛውን ከሐሰተኛው ይለይ ነበር። በቅሎ ወይም በሬ የሚገዛ ሰው ደግሞ ከብቱ የስርቆት እንዳይሆን ከሻጩ ዋስ ይጠይቃል፤ ክርክር ቢነሣ ቀረጥ ሰብሳቢው ነጋድራስ ዳኛ ሆኖ ይሰየማል። እንግዲህ ገንዘቡ ይፈተን ነበር፣ ዕቃው ይታይ ነበር፣ ሻጩም በዋስ ይታሰር ነበር።

መቐለ ወደ ስልክ ገበያ የገባችው በመከራ መካከል ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲከፈት አገሩ በጦርነት ላይ ነበረ፤ ከሰኔ ወር ወዲያም ባንክና ስልክ ተዘግተው፣ ከተማይቱ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያው የሰላም ስምምነት እስኪፈረምና አገልግሎቱ ቀስ በቀስ እስኪመለስ ድረስ በጨለማ ቈየች። በዚያ ዘመን ለልጁ የጣሳ ወተት ያጣ ወላጅ፣ መንገዱ ሲከፈት የተነገረውን ሁሉ ለማመን ቢቸኵል ማን ይፈርድበታል?

ነገር ግን ሕፃን ጫማው ቢጠበው በወጉ አይናገርም፣ የወተቱ ጣሳ የአገልግሎት ማብቂያ ቀን ቢፋቅም አያነብም፤ ስለዚህ የአልባሰ ሕፃናትና የምግባቸው ሻጭ ከሌላው ነጋዴ ይልቅ ሊመረመር ይገባዋል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቍጥር 1205/2012 በዚህ መንገድ የሚሸጥ ሰው ማንነቱንና አድራሻውን እንዲገልጽ ያዝዛል፤ እኔም ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቀው ይህንኑ ነው፤ የንግድ ፈቃዱ በማን ስም እንደ ወጣ፣ ሱቁ በየትኛው ቀበሌ እንደሚገኝ፣ ገንዘቡ የሚገባበት ሒሳብ በዚያው ስም መሆኑን። ከዚያም ሥዕሉ ከሌላ ስፍራ የተወሰደ እንዳይሆን፣ ዕቃውን በእጁ ይዞ አዲስ ሥዕል እንዲያነሣልኝ እለምነዋለሁ። የተከታዮቹ ብዛትና የምስጋናው ጋጋታ ግን በገንዘብ ሊገኝ ስለሚችል እንደ ዋስ አልቈጥረውም።

ጫማውን በባጃጅ ወደ ደጅ ልኮ፣ ሕፃኑ እስኪለካው ታግሦ፣ ከዚያ በኋላ ዋጋውን የሚቀበል ነጋዴ በሳሱ አጥር ዘንድ የነበረውን ሥርዓት ይፈጽማል። ሙሉውን ዋጋ አስቀድሞ የሚሻ፣ አድራሻውን ሲጠየቅ ዝም የሚል፣ ዕቃም የማይመልስ ሻጭ ግን ወርቁን ከእሾሁ ላይ አንሥቶ ጨውን ገና ያላኖረ ሰው ነው፤ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ ከእርሱ አልገዛም።