የአራዳ አሮጌ ቤቶችና የጥገና ጉዳይ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ የከተማይቱ ንግድ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ በሚገኘው በአራዳ ገበያ ዙሪያ ተሰባሰበ። የመኳንንቱና የነጋድራሶቹ፣ እንዲሁም የሕንድ፣ የአርመንና የግሪክ ነጋዴዎች ቤቶች በዚሁ ሠፈር ተሠሩ። ከእነዚህ ቤቶች ብዙዎቹ ምድር ቤታቸው የድንጋይ፣ ፎቃቸው የእንጨትና የጭቃ፣ ክዳናቸው ደግሞ ቆርቆሮ ሲሆን፣ በዙሪያቸው የእንጨት በረንዳ ነበራቸው። በጣልያን ወረራ ዘመን ገበያው ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደሚባለው ሥፍራ ቢዛወርም ቤቶቹ በቦታቸው ቆዩ።

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ሠፈር ሰፊ ክፍል ሲፈርስ ይነገሩ ከነበሩት ምክንያቶች አንዱ ቤቶቹ «አርጅተዋል» የሚል ነበር። ይህ ጸሐፊ ይህን ቃል የሚቃወመው ለጥንታዊ ነገር ካለው ፍቅር የተነሣ ብቻ አይደለም፤ በሙያችን ሚዛን ሲታይ ቃሉ የምርመራ ስሕተት ስለሆነ ነው።

የጭቃ ቤትን የሚገድለው ዕድሜ ሳይሆን ውኃ ነው። አሸንዳው በቅጠልና በአቧራ ይደፈናል፤ ክረምት ሲገባ የጣሪያው ውኃ በሙሉ በግድግዳው ላይ ይወርዳል፤ ምርጉ ይረግፋል፤ ቋሚው ከመሬት ጋር በሚገናኝበት ቦታ ይበሰብሳል፤ የቀረውንም ምስጥ ይጨርሰዋል። ቋሚው ሲሰምጥ ማገሩ ይላላል፣ ጣሪያው ያዘነብላል፣ ቆርቆሮው ከሚስማሩ ይላቀቃል። ከዚያ ወዲያ ዝናቡ ከላይም ከታችም ይገባል። የዚህ ሁሉ ጥፋት መነሻ የሆነውን አሸንዳ ማጽዳት ግን ለአንድ ሠራተኛ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ታዲያ አሸንዳውን ማን ያጽዳ? የታሪኩ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ንብረት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 በሐምሌ 1967 ዓ.ም. ሲወጣ፣ ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ቤቶች ለቀበሌዎች ተሰጡ፤ ከዚያ በላይ የሚከራዩት በማዕከላዊው መንግሥት እጅ ሆኑ። ከ300 ብር በታች የነበረው ኪራይም ከ15 እስከ 50 በመቶ እንዲቀነስ ተደረገ፤ ትልቁን ቅናሽ ያገኙት ዝቅተኛ ኪራይ ይከፍሉ የነበሩት ናቸው። አዋጁን በጅምላ መውቀስ ፍትሕ አይሆንም። ብዙ ድኻ ቤተሰብ በከተማይቱ እምብርት፣ ከእንጀራው አጠገብ ለመኖር የቻለው በዚሁ ኪራይ ነው። ነገር ግን ኪራዩ በዚያው መጠን ለአሥርተ ዓመታት ሲቆይ የቆርቆሮ፣ የሚስማርና የእንጨት ዋጋ አብሮት አልቆመም። የዓመቱ ኪራይ ተጠራቅሞ የአንድ ጣሪያ ክዳን የማይለውጥበት ጊዜ መጣ። ተከራዩም ከኪሱ አውጥቶ እንዳያድስ ቤቱ የእርሱ አይደለም፤ ፈቃድም መጠየቅ ነበረበት። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ከወጣም በኋላ በቅርስነት የተመዘገበው ቤት ከተከራዮቹ አሮጌ ቆርቆሮ ሥር እንደነበረ ነው የቀጠለው። ምዝገባ አሸንዳ አይጠግንም።

የመንግሥት ይዞታ መሆኑ ብቻ ቤቱን እንዳልገደለው የሚያስረዳ ምስክር ከአራዳ ራቅ ብሎ፣ ከመስቀል አደባባይ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ ቆሟል። የራስ ብሩ መኖሪያ የነበረው ቤት በዕድሜ ከብዙዎቹ የአራዳ ቤቶች አያንስም። የአዲስ አበባ ሙዚየም ሆኖ ኀላፊነቱን የሚወስድ መሥሪያ ቤት ስላገኘ እስከ ዘመናችን ደረሰ።

ይህ ጸሐፊ ሥራ በጀመረበት ሰሞን፣ የአሮጌ ቤቶችን ሁኔታ መዝግቦ እንዲያቀርብ ታዝዞ አንድ ባለ ፎቅ የቀበሌ ቤት ገብቶ ነበር። ደረጃው በእግር ሥር ይወዛወዛል፤ የኮርኒሱ አቡጀዴ ውኃ ቋጥሮ ተንዘርጧል። በታችኛው ክፍል የሚኖሩ አንዲት እናት የግድግዳውን እርጥበት በእጃቸው እየዳሰሱ፣ «ልጄ፣ አሸንዳው ከወደቀ ዐሥራ አንድ ክረምት ሆነው፤ ባመለክት ባመለክት ሰሚ አጣሁ» አሉኝ። እኔም «አይዞዎት እማማ» ብዬ ወጣሁና በቅጹ ላይ «በዕርጅና ምክንያት ከአገልግሎት ውጪ» ብዬ ጽፌ ፈረምሁ። የጻፍሁት ቃል ሐሰት ነበር ለማለት ይከብደኛል፤ ቤቱ በእርግጥ ለመኖሪያ አደገኛ ሆኗል። ነገር ግን ሐኪም በውኃ ጥም የሞተውን ሰው «በሽምግልና ሞተ» ብሎ እንደ መመስከር ያለ ነው። ቤቱ ዛሬ የለም፤ እማማም ወደ ከተማይቱ ዳርቻ እንደ ተወሰዱ ሰምቻለሁ።

ከአራዳ ቤቶች ጥቂቶቹ አሁንም አሉ፤ ለምርመራም የሚላከው ከእኛው መካከል አንዱ ነው። እኔ የሞላሁት ቅጽ ቤቱ የተሠራበትን ዓመት ይጠይቅ ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ የታደሰበት ዓመትና ዕድሳቱን የከለከለው ወይም የዘነጋው ማን እንደ ሆነ የሚጻፍበት ሥፍራ ግን አልነበረውም። ማኅበራችን ይህን ሥፍራ በቅጹ ላይ እንዲጨመር ቢጠይቅ ወጪው የአንድ መሥመር ቀለም ነው።