ምስል ማሳደግ (በቴሌቪዥን)
ዝቅተኛ ጥራት ያለውን ቪዲዮ ከፍተኛ ጥራት ላለው ስክሪን እንዲበቃ አድርጎ የማስፋት ስሌት። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለዓመታት የሠራበት፣ ፓል የተባለው የአናሎግ ሥርጭት ምስል በዲጂታል ሲለካ 720 በ576 ፒክስል ነው፤ ፎር ኬ ስክሪን ግን 3840 በ2160፣ ማለትም በፒክስል ብዛት 20 እጥፍ። ቴሌቪዥኑ መጀመሪያ በየተራ የሚላኩትን ጎዶሎና ሙሉ ቁጥር ያላቸውን መስመሮች ያዋህዳል፤ ከዚያ የጎደሉትን ነጥቦች ከአጠገባቸው ካሉት ቀለምና ብርሃን አስልቶ ይሞላል። አዳዲሶቹ ቴሌቪዥኖች በብዙ ምስል የሠለጠነ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይጨምሩበታል።

እንዲህ የተሞላ ነጥብ ግን ግምት እንጂ ማስረጃ አይደለም። በላስታ ገነተ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ያሉት የ13ኛው ክፍለ ዘመን የግድግዳ ሥዕሎች በድሮ ካሜራ ቢቀረጹ፣ ካሜራው ያልያዘውን ቀጭን የብሩሽ መስመር የትኛውም ስክሪን አይመልሰውም። ስለዚህ የቅርስ ቅጂ ሳይነካ፣ እንደተቀረጸ መቀመጥ አለበት። የ4 ለ3 ምስል በ16 ለ9 ስክሪን ላይ ከተለጠጠም የቤተ ክርስቲያኑ ዓምዶች ከልካቸው በላይ ይወፍራሉ፤ ግራና ቀኙን ጥቁር መተው ይሻላል።