በሰሙ ዝንብ፣ በወርቁ ሽሪምፕ

በደቡብ እንግሊዝ የሚፈሰው የቴስት ወንዝ ከኖራማ ዐለት ሥር ስለሚመነጭ ውኃው ኩልል ያለ ነው፤ በበጋ ቀን ከሥሩ ያለው ጠጠር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ዳርቻው ግን እንደ ልብ የሚገባበት አይደለም። ባለቤት አለው፣ ባለቤቱም ደንብ አለው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ በአንዳንድ የወንዙ ክፍሎች ሳልሞን ማጥመድ የሚፈቀደው በ«ዝንብ» ብቻ ነበር፤ ዝንብ የሚሉት በመንጠቆ ላይ ላባና ፀጉር እየታሰረ የሚሠራውን ማባበያ ነው። ትል ክልክል ነው። ሽሪምፕም ክልክል ነው።

በ1953 ኮሎኔል ኤዝመንድ ድሩሪ ይህን ደንብ አጥብቀው አነበቡት መሰለኝ። ደንቡ ማባበያው ከምን እንደሚሠራ እንጂ ምን መምሰል እንዳለበት አይናገርም። ስለዚህ ቁጭ ብለው ከላባና ከፀጉር ሽሪምፕ ሠሩ። «ጄኔራል ፕራክቲሽነር» ብለው የጠቅላላ ሐኪም ስም ሰጡት፤ አጥማጆች ዛሬም አሳጥረው «ጂፒ» ይሉታል። በሰሙ ዝንብ ነው፣ በወርቁ ሽሪምፕ። የወንዝ ጠባቂው ቢመረምረው የሚያገኘው ላባ ብቻ ነው።

እውነተኛው ሽሪምፕ ለምን ተከለከለ? ተቀቅሎ፣ በሽቦ ቀጥ ተደርጎ፣ መንጠቆ ተሰክቶበት ወደ ወንዙ ጥልቅ ገንዳ ሲጣል ከሁለት አንዱን ያመጣል ይሉ ነበር፦ ወይ ሳልሞኑ ተወርውሮ ይይዘዋል፣ ወይ በገንዳው ያለው ዓሣ ሁሉ ደንግጦ ይበተናል። የመጀመሪያው ቢሆን ለሌላው አጥማጅ የሚተርፍ የለም፤ ሁለተኛውም ቢሆን ያው ነው። ዘንጉን ይዞ ተራውን የሚጠብቅ ጎረቤት ቢቆጣ አይፈረድበትም።

ነገሩን ይበልጥ እንግዳ የሚያደርገው ሳልሞን ከባሕር ወደ ተወለደበት ወንዝ ሲመለስ መብላት ማቆሙ ነው። እንቁላሉን እስኪጥል ድረስ በባሕር ሳለ ያጠራቀመውን ስብ እየቀነሰ ይኖራል። ታዲያ ላባውን ለምን ይነክሳል? የባሕር ትዝታ ነው የሚሉ አሉ፣ ቁጣ ነው የሚሉም አሉ። ክርክሩ እልባት አላገኘም፤ ማጥመዱም በክርክሩ ምክንያት አልቆመም።

ከድሩሪ በፊት የነበረው የሳልሞን ዝንብ በአብዛኛው ምንም ዓይነት ፍጡር አይመስልም ነበር። የ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛውያን በግዛታቸውና በንግዳቸው በኩል የሚደርሳቸውን ላባ ሁሉ በአንዲት መንጠቆ ላይ ይደረድሩ ነበር። «ጆክ ስኮት» የተባለው ዝንብ ብቻውን የደቡብ አሜሪካውን ቱካንና ማካው፣ የሕንዱን የጫካ አውራ ዶሮ፣ ፒኮክና ሰጎን ይፈልጋል። ጆርጅ ኬልሰን በ1895 ያሳተሙት የሳልሞን ዝንቦች መጽሐፍ ይህን ሁሉ ሳይንስ አስመስሎ ያቀርበዋል፤ እኔ ግን የሚታየኝ የሀብት ትዕይንት ነው። በ1921 ብሪታንያ የዱር ወፍ ላባ ከውጭ እንዳይገባ የሚከለክል ሕግ አወጣች። ሕጉ በዋነኛነት የታለመው በሴቶች ባርኔጣ ላይ ነበር፤ የዝንብ አሳሪዎችም ገበያ ግን በዚያው ጠበበ።

ድሩሪ የተጠቀሙበት ላባ ከቻይና መጥቶ በእንግሊዝ ግቢዎች ሲረባ ከኖረው ከወርቃማው ፌዘንት የሚገኝ ነው፤ ፌዘንት የዶሮ ዘመድ ነው። አሠራሩን ጠጋ ብሎ ላየ ሰው ብልሃቱ ያለው ከኋላ ነው። መንጠቆው በትንሽ ሞርሳ ይያዛል፤ በሰም የታሸ ቀይ ክር እስከ መንጠቆው መታጠፊያ ድረስ ይጠቀለላል። እዚያ ላይ በብርቱካናማ ቀለም የተነከረ የአጋዘን ጭራ ፀጉር ወደ ኋላ እንዲወጣ ይታሰራል፤ ይህ የሽሪምፑ ረጅም ጢም ነው። ከበላዩ ከፌዘንቱ አንገት የተወሰደ ጥቁር መስመር ያለው ብርቱካናማ ላባ ይመጣል፤ መሐሉ በመቀስ ተቆርጦ ሁለት ቅርንጫፍ ሲቀር ሁለት ዓይን ይሆናል። ጭንቅላቱ ወደ መታጠፊያው፣ ጭራው ክር ወደሚቋጠርበት ቀዳዳ መሆኑ ስህተት አይደለም። ሽሪምፕ ሲደነግጥ ጭራውን አጥፎ ወደ ኋላ ይፈናጠራልና ክሩ ሲሳብ ዝንቡም እንደዚያው ይሄዳል።

ከዚያ ብርቱካናማ ፀጉር በክሩ ላይ ተፈትሎ ገላው ይሞላል፤ በላዩ ወርቃማ ክር፣ ከዚያም እግር የሚሆነው የአውራ ዶሮ ላባ እየተሽከረከረ ይጠመጠማል። አስቸጋሪው ጀርባው ነው። የፌዘንቱ ቀይ የደረት ላባ አንዱ በሌላው ላይ እየተደራረበ እንደ ቅርፊት ለጥ ብሎ መተኛት አለበት፤ እሱ ግን ክሩ በጠበቀ ቁጥር ይጠመዘዛል ወይም ይቆማል። ልምድ ያላቸው አሳሪዎች ከማሰራቸው በፊት የላባውን አገዳ በጥፍር ወይም በፒንሳ ጠፍጠፍ ያደርጉታል፤ ከሥሩ ያለውንም የዶሮ ላባ ከላይ በኩል ይከረክሙታል። መጨረሻ ላይ ቋጠሮውና ጠብታ ቫርኒሽ።

አንድ ነገር ግን ልብ ይሏል። በሕይወት ያለ ሽሪምፕ በአብዛኛው ቀይ አይደለም፤ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ግራጫ ወይም ቡናማ ነው። ቀዩ ቀለም አስታዛንቲን ይባላል። በቅርፊቱ ውስጥ ከፕሮቲን ጋር ተያይዞ ተሸፍኖ ይኖርና እሳት ሲነካው ይወጣል፤ የሳልሞን ሥጋ ሮዝ የሚሆነውም በዚሁ ቀለም ነው። እንግዲህ ጂፒ የሚመስለው የባሕሩን ሽሪምፕ ሳይሆን ከድስት የወጣውን፣ ማለትም ያንኑ የተከለከለውን ማባበያ ነው። ሳልሞኑ በባሕር ሳለ የተቀቀለ ሽሪምፕ አይቶ አያውቅም።

በአየርላንድም የራሱ የሆነ የሽሪምፕ ዝንብ ባህል አለ፤ የኮልሬኑ ፓት ከሪ የሠሩት ቀይ ሽሪምፕ በእጅጉ የታወቀ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ስኮትላንዳዊው አላስቴር ጋወንስ «አሊስ ሽሪምፕ» የሚባለውን አመጡ። ጭራው ረጅም፣ ገላው ግማሹ ቀይ ግማሹ ጥቁር፣ ክንፉ የግራጫ ስኩዊረል ፀጉር ነው። የድሩሪን ቅርፊት ትተው እንቅስቃሴውን ያዙ። ለማሰርም እጅግ ይቀላል፤ በየወንዙ የተስፋፋበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

አሁን ደንቡ ሌላ ነው። በታኅሣሥ 2023 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት የአትላንቲክ ሳልሞንን ስጋት ከሌለባቸው ዝርዝር አውጥቶ ለአደጋ ወደ ተቃረቡት አዛወረው፤ ከ2006 እስከ 2020 ቁጥሩ በ23 በመቶ ቀንሷል። በስኮትላንድ ከ2016 ጀምሮ በበርካታ ወንዞች የተያዘ ሳልሞን ወደ ውኃው መመለስ ግዴታ ሆኗል። አየርላንድም ይዞ መልቀቅ ብቻ በሚፈቀድባቸው ወንዞች መንጠቆው የኋሊት እሾህ እንዳይኖረው አዝዛለች። ድሩሪ ሦስት ጫፍ ያለውን መንጠቆ ይወዱ ነበር፤ ለዝንብ ማሰሪያ የሚሆን በስማቸው የሚጠራ ባለሦስት ጫፍ መንጠቆም ነበራቸው። የዛሬ አሳሪዎች ያንኑ ጂፒ እሾህ በሌለው ባለአንድ ጫፍ መንጠቆ ላይ እያሰሩት ነው፤ ክብደቱ ስለሚቀንስና በውኃ ውስጥ ወደ ጎን ስለሚጋደል የቅርፊቱን ላባ ብዛት እንደገና ማስላት ይዘዋል።